በ1 ዩሮ የሚሸጥ ቤትና የአዋሽ ሸለቆ መሬት

(በሰመራ ለሕግ፣ ለቱሪዝምና ለመሬት አስተዳደር ተማሪዎችና መምህራን የቀረበ የሕዝብ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ)

 

የዛሬውን ርእስ የሰጠኝ አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነው። የንብረት ሕግ ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ሲል እጁን አውጥቶ፣ «ዶክተር፣ ኢጣሊያ ውስጥ ቤት በ1 ዩሮ ይሸጣል ይባላል፤ እኛስ መግዛት እንችላለን?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄውን ይዤው ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለፈተና የሚሆን ጥያቄ ነውና። መልሱን ፍለጋ የተነሣ ሰው ሮም ደርሶ አያበቃም፤ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፣ ከዚያም አዋሽ ሰባት ኪሎን አልፎ እዚሁ እኛ የቆምንበት ሜዳ ላይ ይደርሳል። ዛሬ በዚያው መንገድ ልወስዳችሁ አስባለሁ።

በመጀመሪያ ወሬው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በሲቺሊያ ደሴት የምትገኘው ሳሌሚ የተባለች ከተማ ባዶ የቀሩ ቤቶቿን በ1 ዩሮ ለመሸጥ አሰበች። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ሳምቡካ የምትባል ሌላ የሲቺሊያ ከተማ 16 ቤቶችን በዚሁ መነሻ ዋጋ ለጨረታ አቀረበች፤ ወሬውም ዓለምን አዳረሰ። ወጣቱ ለሥራ ወደ ሰሜን ኢጣሊያና ወደ ውጭ ሀገር ፈልሷል፤ ሽማግሌዎቹም እያለፉ ነው፤ ቤቱ ሰው አጥቷል። ስለዚህ ከተማዪቱ የምትሸጠው የፈረሰ ግንብ ቢሆንም የምትፈልገው ነዋሪ ነው። ሳምቡካ ቤት የገዛ ሰው በ3 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 15,000 ዩሮ አውጥቶ ማደስ ነበረበት፤ ለቃሉም 5,000 ዩሮ መያዣ ያስቀምጥ ነበር። እንግዲህ 1 ዩሮ የቤቱ ዋጋ ሳይሆን የመግቢያው ቲኬት ነው ማለት ይቻላል።

አደስኩ፣ ከፈልኩ ላለ ገዢ ሥርዓቱ ምን ይመስላል? በኢጣሊያ በቅድሚያ የግብር መለያ ቁጥር ይወጣል፤ ኮዲቼ ፊስካሌ ይሉታል። ቀጥሎ ገዢና ሻጭ የመጀመሪያ ውል ይዋዋላሉ፤ ቀብድ ይከፈላል። የመጨረሻው ውል የሚፈጸመው ኖታዮ በሚባለው ባለሥልጣን ፊት ነው። ኖታዮው የገዢም የሻጭም ጠበቃ አይደለም። ቤቱ በዕዳ ተይዞ እንደሆነ፣ በመዝገብ የተጻፈው ስም የሻጩ ስለመሆኑ፣ ገዢውም ለመግዛት መብት ያለው ስለመሆኑ መርምሮ ነው የሚያስፈርመው። የእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የሚደረግ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል፤ ውልና ማስረጃ የምንለው መሥሪያ ቤት ሥራ ከዚህ ይመነጫል። ልዩነቱ እዚያ ኖታዮው ጠይቆ የሚያጣራውን፣ እዚህ ገዢው ራሱ በእግሩ እየዞረ የሚያጣራው መሆኑ ነው። ቤት ገዝታችሁ የምታውቁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ።

አሁን ወደ ተማሪያችን ጥያቄ ልብ ደርሰናል፤ ኖታዮው ገዢው ለመግዛት መብት አለው ወይ ብሎ ሲጠይቅ የሚገልጠው ሕግ የትኛው ነው? እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣው የኢጣሊያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከመግቢያ ድንጋጌዎቹ አንዱ፣ 16ኛው አንቀጽ፣ የውጭ ሀገር ሰው ለኢጣሊያዊ የተሰጡትን የፍትሐ ብሔር መብቶች የሚያገኘው በእንካ ለእንካ መርሕ ነው ይላል። ሀገርህ ለእኛ ሰው የምትፈቅደውን እኛም ለአንተ እንፈቅዳለን እንደ ማለት ነው። በኢጣሊያ በሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ የሚኖሩ ሰዎች ከዚህ ሚዛን ነጻ ናቸው፤ ስለዚህ ሚላኖ ወይም ቦሎኛ ፈቃድ ይዛ የምትኖር ኢትዮጵያዊት ዘመዳችሁ ይህ አንቀጽ አያስጨንቃትም። በሁለቱ ሀገሮች መካከል ያለ የኢንቨስትመንት ስምምነትም ሚዛኑን ሊያዘነብለው ይችላል። ነገር ግን ሰመራ ላይ ተቀምጦ ሲቺሊያ ቤት ልግዛ ለሚለው ተማሪዬ፣ ኖታዮው የሚያነሣው ጥያቄ ስለ ሲቺሊያ አይደለም፤ «አንድ ኢጣሊያዊ ኢትዮጵያ ውስጥ ቤት መግዛት ይችላል ወይ?» የሚል ነው።

እኔ ይህን ድንጋጌ እወደዋለሁ። ጥብቅና የተሞላበት ቢመስልም አንድ እውነት ያስተምራል፦ ሰው በባዕድ ሀገር የሚኖረው መብት የሚሰፈርበት ቁና በገዛ ሀገሩ የተሠራ ነው።

ስለ መግዛት ካወራን ስለ መሄድም እናውራ፤ ቤቱን ሳያይ የሚገዛ አይኖርምና። ኢጣሊያዊ ጎብኚ ኤርታሌንና ዳሎልን ለማየት ሲነሣ ቪዛውን ከቤቱ ሳይወጣ በኢንተርኔት ይጠይቃል። የእኛ ሰው ወደ ሮም ሲያስብ ግን ወረፋ ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት፣ ኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቿን በመቀበል ረገድ በቂ ትብብር አላደረገችም በማለት፣ ለኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ የሚታይበትን መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዘመው፤ ለተደጋጋሚ ጉዞ የሚሆን ቪዛም እንዳይሰጥ አገደ። በኢጣሊያ ቤት መግዛት ደግሞ በራሱ የመኖር መብት አያስገኝም። ቪዛውን ያገኘ ሰው በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይችልም፤ ከዚያ በላይ ለመኖር ሳይሠራ የሚያኖረው ቋሚ ገቢ እንዳለው ማስረዳት ወይም ሌላ የፈቃድ መንገድ መፈለግ አለበት። ገንዘቡስ? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ እንኳ፣ ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ በውጭ ሀገር ቤት ለመግዛት ገንዘብ የሚላክበት መስኮት የለም። ይህን ያነሣሁት ማንንም ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። የሚገዛውን ሰው ከሚሸጠው ሰው ለይቶ የሚያቆመው ሀብት ብቻ እንዳልሆነ እንድታዩልኝ ነው፤ ፓስፖርትም አለ።

ወደ ኖታዮው ጥያቄ ልመለስ። ኢጣሊያዊ በኢትዮጵያ ቤት መግዛት ይችላል ወይ? ለ65 ዓመታት ያህል የተሰጠው መልስ በጥቅሉ አይችልም የሚል ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 390 ማንም የውጭ ሀገር ሰው በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ካልሆነ በቀር በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ሊሆን እንደማይችል ደነገገ። በቅን ልቡና ባለቤት ሆኖ የተገኘ እንኳ በ6 ወር ውስጥ ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ ይገደድ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ፣ በትእዛዝ ያገኙትም አጡ። በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በሩ ተከፈተ፤ ቢጫ ካርድ የምንለው እርሱ ነው። ለባለሀብቶችም በኢንቨስትመንት ሕግ በኩል ጠባብ መግቢያ ተሰጠ። በመጨረሻ በ2017 ዓ.ም. መገባደጃ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ሀገር ዜጎች ቤት እንዲኖራቸው የሚፈቅደውን አዋጅ አጸደቀ፤ ዝቅተኛው መጠንም 150,000 የአሜሪካ ዶላር ሆነ።

እንግዲህ ተማሪያችን ሳያውቀው በጥሩ ጊዜ ጠይቋል። በእንካ ለእንካ ሚዛን ላይ የእኛ ወገን አሁን ድንጋይ አኑሯል። ከዛሬ በኋላ በሲቺሊያ ያለ ኖታዮ የኢትዮጵያን ሕግ ሲገልጥ የሚያነበው ሌላ ገጽ ነው።

ብዙ ሰው ውይይቱን እዚህ ላይ ያቆማል። አዋጁን የሚደግፈው ምንዛሪ ይመጣል ይላል፤ የሚቃወመው ሀገር ተሸጠ ይላል። ሁለቱም ቸኩለዋል። እኛ በር ስንከፍት፣ ቀድመው የከፈቱት የደቡብ አውሮፓ ሀገሮች ምን እያደረጉ እንደሆነ ማየት ይገባናል። ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. በ2012 ቤት ለሚገዛ ባዕድ የመኖሪያ ፈቃድ መስጠት ጀመረች፤ በጥቅምት 2023 የቤት ግዢውን መንገድ ዘጋችው። ስፔን እ.ኤ.አ. በ2013 በ500,000 ዩሮ ጀመረች፤ ሚያዝያ 3 ቀን 2025 ፈጽማ አቆመች። ግሪክ በ2013 በ250,000 ዩሮ ጀምራ፣ ከ2024 ወዲህ በአቴና፣ በተሰሎንቄና በታዋቂዎቹ ደሴቶች ወደ 800,000 ዩሮ ከፍ አድርጋዋለች። ምክንያቱ በየትም አንድ ዓይነት ነው። ሊዝበንና ባርሴሎና የተወለደ ወጣት በተወለደበት ሰፈር ቤት መከራየት አቃተው፤ ሰልፍ ወጣ። ከባዕድ ገዢዎች ውጭ ሌላም ብዙ ምክንያት አለው፤ ለጎብኚ በቀን የሚከራይ ቤት አንዱ ነው። የመንግሥታቱ ፖለቲካ ግን መጀመሪያ የነካው ይህንን በር ነው።

እዚህ ላይ ከሲቺሊያ ጋር ያለውን ልዩነት ልብ በሉ። ሳምቡካ ባዶ ቤት ይዛ ሰው ትጠራለች። ሊዝበን ሰው ሞልቷት ቤት አጥራለች። ባዕድ ገዢ ለአንዷ መድኃኒት፣ ለሌላዋ ሕመም ሆኗል። ስለዚህ የውጭ ሰው ቤት ይግዛ ወይስ አይግዛ ብሎ መከራከር ከንቱ ነው፤ መጠየቅ ያለበት በሩ የሚከፈትበት ቦታ ባዶ ነው ወይስ የሚመስል ብቻ ነው የሚለው ነው። የአዋሽ ሸለቆ ታሪክ ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ወደ እርሱ ልግባ።

የደቡብ አውሮፓ ሰው በአዋሽ ዳር እንግዳ አይደለም። በ1886 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የባቡር ፈቃድ ለ99 ዓመት ነበር። (የዛሬው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ጊዜም 99 ዓመት ነው። ቁጥሩ ለሕግ ሰው ሁልጊዜ ያስደስተኛል፤ ዘላለም ማለት ፈርቶ ዘላለም ለማለት የተሠራ ቁጥር ነው።) ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ግሪኩ፣ አርመኑና ኢጣሊያዊው በመንገዱ ዳር ሱቅ፣ ሆቴልና ጋራዥ ከፈቱ። አዋሽ ሰባት ኪሎ የወረዳችሁ ሁሉ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለውን ቡፌ ታውቁታላችሁ፤ ለረጅም ዓመታት ያስተዳደሩት ግሪካዊት ሴት ነበሩ፤ የፈረንሳዩ ደ ጎልም አርፈውበታል እየተባለ ይነገራል። እነዚህ ሰዎች በሸለቆው ኖሩ፤ አንዳንዶቹም ተቀበሩ። የሸለቆውን ዕጣ የለወጡት ግን እነርሱ አይደሉም። ሆቴል የከፈተ ሰው ግመል የሚግጥበትን ሣር አይወስድም።

ዕጣውን የለወጠው በወረቀት ላይ የተጻፈ አንድ ሐረግ ነው። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 130 በማንም ሰው ስም ያልተያዘ ንብረት ሁሉ፣ ደኖችን፣ የግጦሽ መሬቶችንና ወንዞችን ጨምሮ፣ የመንግሥት ሀብት ነው አለ። ይህን አንቀጽ ተማሪዎች ሁሉ ቆም ብላችሁ እንድታነቡት እፈልጋለሁ። በአፋር መሬቱ በጎሳ የታወቀ ነው፤ ዘንድሮ በዚህ ሣር ማን እንደሚሰማራ፣ በዚያ ውኃ ማን እንደሚቀድም የጎሳ ሽማግሌዎች ያውቃሉ፤ በዳጉም ከሰው ወደ ሰው ይሻገራል። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ስለ ዝናብ፣ ስለ ሣር፣ ስለ ሰላምና ስለ እንግዳ የሚለዋወጡት ዜና በእኛ አነጋገር የመሬት መዝገብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሕገ መንግሥቱ ግን የሚያየው በስም የተጻፈውን ነው። በስም ስላልተጻፈ ባለቤት የለውም፤ ባለቤት ስለሌለው የመንግሥት ነው፤ የመንግሥት ስለሆነ ለኩባንያ ሊሰጥ ይችላል። ሦስቱ እርምጃዎች በአንድ አንቀጽ ተጠናቀቁ።

የቀረው ውኃውን መግራት ነበር። እዚህ ላይ የዛሬ ርእሳችን ሀገር እንደገና ትመጣለች። ኢጣሊያ በ1948 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት ለወረራው ዘመን ጥፋት ካሳ እንድትከፍል ተስማማች፤ ከዚያ ገንዘብ የቆቃ ግድብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። መብራት ሰጠ፤ ይህ አይካድም። ግን የአዋሽን ጎርፍ ስለገራው በታችኛው ሸለቆ በበጋ መስኖ ማልማት ቀላል ሆነ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በላይኛው ሸለቆ የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. በወንጂ፣ ኋላም በመተሐራ ሸንኮራ ተከለ፤ በመካከለኛው በአሚባራና በመልካ ወረር ጥጥ ተዘራ፤ በታችኛው የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ከመንግሥት ጋር ሆኖ የተንዳሆን የጥጥ እርሻ እዚሁ ዱብቲ ላይ አቋቋመ። የአውሳው ሡልጣን አሊ ሚራህ ሐንፈሬም የሆነውን አይተው ቁጭ አላሉም፤ እነርሱም የራሳቸውን የጥጥ እርሻ አስፋፉ፤ መሬቱን በእርሻ መያዝ መሬቱን የማስቀረት ብቸኛ መንገድ መሆኑን ከብዙ የሕግ ምሁር ቀድመው የተረዱ ይመስለኛል።

እርሻዎቹ የያዙት ተራ መሬት አልነበረም። በክረምት ከብት በተራራውና በሜዳው ይበተናል፤ በጋ ሲመጣ ግን የሚተርፈው በወንዙ ዳር ያለ ለምለም ቦታ ብቻ ነው። ከሰፊው ሀገር ላይ ትንሽ ቁራሽ ቢወሰድ ምን ችግር አለ ያለ መሐንዲስ፣ ያች ቁራሽ የዓመቱ መሻገሪያ መሆኗን አላየም። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ሲመጣ የአፋር ከብት ወደ ወንዙ ወረደ፤ ወንዙ ዳር ግን ጥጥ ቆሞ ነበር። የዚያን ዘመን ሞት እዚህ ያላችሁ ሽማግሌዎች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ እርሻዎቹን ወረሰ፤ ሡልጣኑም ተሰደዱ። መሬቱ ከኩባንያ እጅ ወጥቶ ወደ መንግሥት እርሻ ገባ፤ ወደ ግመሉ አልተመለሰም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድም ባዕድ ሰው ከአንድም አፋር መሬት አልገዛም። ቢገዛ ኖሮ ቢያንስ ሻጭ ይኖር ነበር፤ ሻጭ ደግሞ እንቢ ማለት ይችላል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህን ቁስል ያውቃል። በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ካለ በኋላ፣ በንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሮች ለግጦሽም ለእርሻም መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከዚያ በኋላ የወጣው የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ግን መንግሥት እንዳስፈላጊነቱ የወል ይዞታን ወደ ግል ይዞታ ሊለውጥ እንደሚችል ጻፈ፤ እንዳስፈላጊነቱ የሚለው ቃል በሕግ ውስጥ ሲገባ የት እንደሚያደርስ እናውቃለን። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። እኔ የምለው፣ በአዲሱ ሕግም ቢሆን በካርታ ያልተመለከተ የወል ግጦሽ፣ በ1948 ዓ.ም. ከነበረበት ቦታ ብዙ አልራቀም።

አሁን ሦስቱን ነገሮች አንድ ላይ አምጧቸው፤ የውጭ ሰው ቤት እንዲገዛ የሚፈቅደውን አዋጅ፣ እያደጉ ያሉትን አዋሽንና ሰመራን፣ ያልተመዘገበውን ግጦሽ። አዋጁ ስለ ቤት እንጂ ስለ ግጦሽ አይናገርም፤ መሬቱም በሊዝ ይቀራል። ታዲያ ምን ያሰጋል? መልሱ በከተማ ክልል ውስጥ ነው። ከተማ ሲሰፋ የገጠር መሬት የከተማ መሬት ይሆናል፤ የከተማ መሬት በሊዝ ይወጣል፤ በሊዝ የወጣው ላይ ቤት ይሠራል፤ ቤቱ ይሸጣል። በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ ፊርማና ማኅተም አለ፤ ሁሉም ሕጋዊ ነው። የመጨረሻው ገዢ ከቬሮና የመጣ ጡረተኛም ሊሆን ይችላል፤ ኤርታሌን ያየና የአፋርን ሌሊት የወደደ ደግ ሰው። እርሱ ያየው ካርታ ንጹሕ ነው። ካርታው ከመውጣቱ በፊት በቦታው ላይ የማን ፍየል ትግጥ እንደነበር የሚጠቁም አንድም መስመር የለበትም። ሰመራ ራሷ አይሳይታን ተክታ የክልል መዲና ስትሆን በሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የሜዳውን የቀድሞ ተጠቃሚዎች መጠየቅ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም።

ሌላም አስገራሚ ነገር አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሬትና ሕንፃን የማይንቀሳቀስ፣ ከቦታ ቦታ የሚሄደውን ዕቃ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ብሎ ይለያል። የአፋር ሴት የምትሠራውን ዳቦይታ አስቡት፤ የታጠፈ እንጨት፣ በዘንባባ ቅጠል የተሠራ ሰሌን፣ ሲነሱ በግመል ላይ የሚጫን። ቤቱን ሠርታ የምትተክለውም የምትነቅለውም ሴቲቱ ናት፤ የእርሷም ነው። በሕጋችን ዓይን ይህ ቤት እንደ አልጋና እንደ ሣጥን የሚንቀሳቀስ ንብረት ነው። ስለዚህ ስለ ቤት ባለቤትነት የወጡት አዋጆች ሁሉ፣ የድሮውም የአሁኑም፣ ይህን ቤት አያዩትም። ለከተማ ማስፋፊያ መሬት ሲለቀቅም ካሳ በአብዛኛው የሚሰላው በቦታው ላይ በቆመ ግንባታና በተተከለ ተክል ነው፤ ዳቦይታውን ጭና የሄደች እናት ምን ጥላ ሄደች ይባላል? ቤቷ አብሯት ሄዷል፤ የቀረው ሣሩ ነው፤ ሣሩን የተከለው ሰው የለም። እንዲህ ያለውን ክፍተት የሚሞላ ጥናት ከሮም አይመጣም፤ ከዚህ አዳራሽ ካልወጣ ከየትም አይወጣም።

ለጡረተኛውም ቢሆን የምንመክረው አለን፤ እንግዳ ነውና። በኢጣሊያ እያንዳንዱ ከተማ በአራት የርዕደ መሬት ቀጣና ተመድቧል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ላኩዊላ ከ300 በላይ ሰዎች ካለቁባት ወዲህ ቤት የሚገዛ አስተዋይ ሰው ይህን ሳይጠይቅ አይፈርምም። እኛ የተቀመጥነው ደግሞ መሬት በምትሰነጠቅበት ስምጥ ሸለቆ ላይ ነው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ከሰመራ ብዙም የማትርቀው ሰርዶ በርዕደ መሬት ፈርሳለች። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ መሬት ለወራት ስትንቀጠቀጥ ብዙ ሺህ ሰዎች ከቀያቸው ወጡ፤ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ያየ ነዋሪ ዛሬም አለ። የሀገራችን የሕንፃ ደንብም የርዕደ መሬት ቀጣና አለው። በአዋሽ የሚሸጥ ማንኛውም የብሎኬት ቤት በዚያ ደንብ ስለመሠራቱ ለገዢው በጽሑፍ ሊነገር ይገባል፤ ገዢው ከቬሮናም ይምጣ ከአሳይታ። ዳቦይታ በመንቀጥቀጥ ሰው አይገድልም፤ ይህን የምለው ለመሳለቅ አይደለም፤ የቦታውን ጠባይ የሚያውቅ ሰው የሠራው ቤት ስለሆነ ነው።

ተማሪዬ በቀጥታ የጠየቀውን ልመልስና ላብቃ። አዎን፣ በሕግ ረገድ በሩ ቀድሞ ከነበረው ይልቅ ተከፍቷል፤ ቪዛውና ምንዛሪው ግን ገና ይጠብቁሃል። ገንዘቡ የተገኘ ዕለት ኖታዮውን የኢትዮጵያን አዲስ አዋጅ ይዘህ አነጋግረው፤ የእድሳቱን ውል ከመፈረምህ በፊት ጣራውን የሚያይ መሐንዲስ ላክ።

እስከዚያው በሚቀጥለው ሴሚስተር የንብረት ሕግና የመሬት አስተዳደር ተማሪዎች በጋራ የምንሠራው የመስክ ሥራ አለ። ከሎጊያ ዳርቻ ተነሥተን በከተማው የማስፋፊያ ካርታ ውስጥ የገቡትን የግጦሽ ቦታዎች ከጎሳ አባቶችና ከሴቶች ጋር እየዞርን እንመዘግባለን፤ በየትኛው ወር ማን እንደሚጠቀም፣ የውኃው መንገድ የት እንደሆነ። አፋርኛ የምትናገሩ ተማሪዎች በተለይ ታስፈልጋላችሁ፤ ስማችሁን ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት በር ላይ ካለው መዝገብ አስፍሩ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።